ደረቅ ብስክሌት ይዞ ሀዋሳና ወንዶ ገነት

ሀዋሳ ብስክሌት ለመፈተሽ አትመችም። ሜዳ ናት። ከገብርኤል አደባባይ ተነስተህ በዛፍ ጥላ ሥር ቀጥ ብለህ ሐይቁ ድረስ ስትነዳ ሁሉም ብስክሌት ጥሩ ይመስላል። አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ ከሐይቁ የሚመጣው አየር ደስ ይላል። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ብስክሌት የሚፈተሸው ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ፣ ከዚያም የነፋስ ተርባይኖቹ ወደቆሙበት ኮረብታ በጠጠር መንገድ እየወጡ ነው። የአዳማን ነፋስ ፊት ለፊት ተቀብሎ ዳገት የወጣ ሰው ሀዋሳ ላይ ሲነዳ እረፍት የወጣ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ የሄድኩት ለከተማዋ ሳይሆን በዙሪያዋ ላሉት ተራሮች ነው።

ብስክሌቱ የወንድሜ ጓደኛ ንብረት ነው። ሰውየው አሜሪካ፣ ዴንቨር ረጅም ዓመት ኖሮ አሁን ሀዋሳ ቤት እየሠራ ነው፣ ብስክሌቱንም ሊሸጠው ይፈልጋል። ዓይነቱ ሃርድቴይል የሚባለው ነው። ፊቱ ላይ አሞርዛተር አለው፣ ከኋላ ምንም የለውም። ጎማው 29 ኢንች፣ የፊት አሞርዛተሩ 140 ሚሊሜትር የሚወርድ፣ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ነው። ፍሬሙ ወፍራም አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በራሱ ከብረት በጣም ይለሰልሳል፣ እኩል ውፍረት ካላቸው የግትርነቱ መጠን የብረቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ግን ቀላል ስለሆነ ቱቦውን ያወፍሩታል፣ ቱቦ ደግሞ በትንሹ ሲወፍር ግትርነቱ በብዙ ይጨምራል። ይሄኛው ወፍራም ብቻ ሳይሆን የኋላውን ጎማ የሚይዝ አጭርና ጠንካራ ክንድ ያለው ነው። በጣትህ ስትመታው ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ደረቅ የምለውም ለዚህ ነው፣ ፔዳሉን ቆመህ ስትረግጠው ምንም አይተጣጠፍም፣ ወዲያው ወደፊት ይወረወራል።

ሌላው ያየሁት አንገቱን ነው። የፊት ሹካው ወደፊት የተዘረጋ ነው፣ ከመሬቱ ጋር 65 ዲግሪ። ይሄ ለመልክ አይደለም። ሃርድቴይል ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ሲመታ የፊቱ አሞርዛተር ይጨመቃል፣ ኋላው ግን አብሮ አይወርድም። ስለዚህ ብስክሌቱ ወደፊት ይደፋል፣ አንገቱም ይበልጥ ይቆማል። ከመጀመሪያው ቀጥ ብሎ የተሠራ ከሆነ ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል። ይሄኛውን የሠሩት ሰዎች ለቁልቁለት አስበውበታል።

ያደርኩት መናኸሪያው አካባቢ ካለ ፔንሲዮን ነው። ሌሊቱ አስቀያሚ ነበር። መጀመሪያ ብስክሌት ክፍል ውስጥ አይገባም አሉኝ። ውጭ ከጥበቃው ጋር ይደር ሲሉኝ እሺ አላልኩም፣ የሰው ንብረት ነው። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ 200 ብር ጨምሬ ይዤው ገባሁ። ክፍሉ 900 ብር ነበር፣ በዚህ ላይ ለብስክሌት አልጋ እንደመክፈል ነው፣ አሁንም ድረስ ያናድደኛል። አጎበሩ ቀዳዳ አለው። ቢንቢው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲዘፍን አደረ። ጎን ያለው ግሮሰሪ ደግሞ እስከ ስምንት ሰዓት ሙዚቃውን አልቀነሰም። አዳማም ጫጫታ አላት፣ ግን የእኛ ፔንሲዮኖች ቢያንስ ቬንቲሌተር ይሰጡሃል፣ ቢንቢውን ይበትንልሃል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ወደ ታቦር ተራራ ሄድኩ። በዚያ ሰዓት ስፖርት የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ቱታ የለበሱ እናቶች፣ የሚሮጡ ወጣቶች፣ ሁሉም ሰላም ይላል። ወደ ተራራው ከመድረስህ በፊት ኮብልስቶን አለ፣ መጀመሪያ ብስክሌቱን የጠላሁትም እዚያ ነው። ቀስ ብለህ ስትነዳው እያንዳንዷን ድንጋይ ቆጥሮ ወገብህ ላይ ይነግርሃል። እጅህ ይደነዝዛል፣ ጥርስህ ይጋጫል። የኋላው ጎማ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ተነፍቶ ነበር። ቆሜ ወደ 28 አወረድኩት፣ የፊቱን ደግሞ ወደ 24። ሌላ ብስክሌት ሆነ ማለት ይቻላል። ከኋላ አሞርዛተር የሌለው ብስክሌት ያለው ትራስ ጎማው ብቻ ነው፣ እሱን ድንጋይ አድርጎ ነፍቶ ብስክሌቱ ይመታል ብሎ ማማረር ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔ 70 ኪሎ አካባቢ ነኝ፣ ከበድ የሚል ሰው ትንሽ መጨመር አለበት፣ አለዚያ ቸርኬው ድንጋይ ላይ ያርፋል።

ዳገቱን በደስታ ወጣሁት። ግትርነት ዳገት ላይ ንጹህ ትርፍ ነው። የረገጥከው ጉልበት ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ጎማው ይሄዳል፣ ከኋላ የሚበላው ስፕሪንግ የለም። አናቱ ላይ ስትደርስ ሐይቁ በአንድ በኩል፣ ከተማዋ በሌላ በኩል ተዘርግተው ይታዩሃል። ቁልቁል ስመለስ መጀመሪያ ፍሬን እየያዝኩ ወረድኩ፣ ብስክሌቱም እየዘለለ አስቸገረኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑን ለቀቅ አደረግኩት። ክብደቴን ወደ መሃል አመጣሁ፣ ጉልበቴንና ክርኔን አላላሁ። ያኔ ዝላዩ ቆመ። ጎማው በየጉድጓዱ መግባቱን ትቶ ከድንጋይ ጫፍ ወደ ድንጋይ ጫፍ እየነካ ማለፍ ጀመረ። መሪውን ወዳሰብኩበት ሳዞረው በዚያው ቅጽበት ዞረ፣ መዘግየት የለም፣ መወላገድ የለም። እንዲህ ዓይነት ትክክለኛ መሪ ነድቼ አላውቅም።

ቁርስና ምሳ አንድ ላይ አሞራ ገደል በላን። የብስክሌቱ ባለቤት ቀድሞኝ ደርሶ ቁጭ ብሏል። የአሳ ሾርባው ትኩስ፣ በርበሬው በቂ። የተጠበሰው ቆሮሶ ሙሉውን ተሰንጥቆ ሲመጣ ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን ገና ከሐይቅ የወጣ መሆኑን ይናገራል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙ ይመስላሉ፣ የሚጣልላቸውን የአሳ ጭንቅላት ይጠብቃሉ። አዳማ ላይ እኔ አሳ የምበላው አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ውስጥ ሰንብቶ የመጣውን ነው፣ ስለዚህ እዚህ ስመጣ ሌላ ምግብ አላዝም።

ባለቤቱ ዴንቨር እያለ በበረዶ ወራት ሮኪ ተራሮች ላይ ስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለት እግር ታስሮበት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ፣ ይነዳ ነበር። ስለ ብስክሌቱ ሳማርርና ሳደንቅ ሰምቶኝ ወሬውን ወደዚያ ወሰደው። ስኖውቦርድ ላይ የግትርነት ቁጥር ይጻፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 10። ሁሉም ፋብሪካ የሚስማማበት መለኪያ ግን የለም፣ አንዱ 7 የሚለውን ሌላው 9 ሊለው ይችላል። የእሱ ሰሌዳ ከደረቆቹ አንዱ ነበር። አፍንጫው ከጅራቱ ረዘም ያለ፣ እግር የሚታሰርበት ቦታ ወደ ኋላ ጠጋ ያለ፣ መሬት ላይ ስታስቀምጠው መሃሉ ከፍ ብሎ የሚቆም። አፍንጫው የሚረዝመው ጥልቅ በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ ነው። መሃሉ ቅስት የሆነው ደግሞ ስትቆምበት ተጭኖ የሰሌዳው ጠርዝ ሙሉውን በረዶውን እንዲይዝ ነው።

«ጠንካራ በረዶ ላይ በፍጥነት ስትወርድ ለስላሳው ሰሌዳ ይንቀጠቀጥብሃል» አለኝ፣ «ደረቁ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። በዝግታ ከነዳኸው ደግሞ ደረቁ ጠላትህ ነው። አይታጠፍልህም፣ ጠርዙ ይይዝና ይጥልሃል። ለስላሳው ስህተትህን ይሸፍንልሃል፣ ይሄኛው ቆርጠህ ካልገባህበት አይታዘዝህም።»

ጠዋት ታቦር ላይ ያየሁትን ነው የነገረኝ። ታዲያ ብስክሌቱን ለምን ትሸጠዋለህ አልኩት። ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ ያለውን የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አሳየኝ። «እኔ አሁን ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ደግሞ ይሄ ብስክሌት ቅጣት ነው» አለ። ከሻጭ አፍ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ብርቅ ነው፣ እኔም ከዚያ በኋላ የሚለውን ሁሉ አመንኩት።

ወንዶ ገነት በማግስቱ ነበር። አስፋልቱ የጭነት መኪና ስለሚበዛበት ብስክሌቱን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጫንኩት። ረዳቱ ለብስክሌቱ የሁለት ሰው ታሪፍ ጠየቀኝ፣ ከፈልኩ። ሻሸመኔ ስንደርስ ደግሞ አውራጆች ነን የሚሉ ልጆች ከበቡኝና 300 ብር አሉ። እኔው ራሴ ነኝ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ያወረድኩት! አንድ ጣት አልነኩትም። አንድ ትልቅ ሰው ገብተው በ100 ብር አስታረቁን። ሰው ያልሠራበትን ገንዘብ በግርግር ሲወስድ በጣም ነው የሚከፋኝ፣ አዳማ መናኸሪያም ያው ነው፣ እዚያም አልለመድኩትም።

ወንዶ ገነት ግን ይሄን ሁሉ አስረሳኝ። አየሩ እርጥብ ነው፣ ዛፉ ረጅም ነው፣ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የደን ኮሌጅም እዚሁ ነው። ከፍል ውሃው በላይ ወዳለው ኮረብታ የሚወጣውን የእግር መንገድ ይዤ ግማሹን ነዳሁ፣ ግማሹን ገፋሁ። ቁልቁለቱ ሥር የበዛበት፣ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች «ና! ና! ና!» እያሉ ከጎኔ ሮጡ፣ ከሰው ጋር እንዳልጋጭ ከፊት ሆነው መንገድ ያስለቅቁልኝ ነበር። በፍጥነት የወረድኩበት ሁሉ ብስክሌቱ ድንቅ ነበር። የዛፍ ሥር ላይ ግን የኋላው ጎማ ይመታል፣ ወገብህን ከኮርቻው ካላነሳህ ያነሳሃል። ታች ስደርስ ጭኔ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የኋላ አሞርዛተር ያለው ብስክሌት ያንን ሥራ ይሠራልሃል፣ እዚህ ሠራተኛው እግርህ ነው። ዕድሜ ወይም ጉልበት የሌለው ሰው ይሄን አስቦ ይግባ።

ወደ ከተማው ስወርድ ለአጥር የተቆረጠ እሾህ መንገዱ ላይ ተበትኖ ነበር። አንዱ የኋላውን ጎማ ወጋው። መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ጎማው ካላማዳሪ የለውም፣ ውስጡ ያለው የላቴክስ ፈሳሽ ብቻ ነው። እሾሁ በገባበት ዙሪያ ነጩ ፈሳሽ አረፋ እየሠራ ይወጣል።

«ይሄ ምንድነው ልጄ፣ ወተት ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አየሩ ሲወጣ ፈሳሹን ይዞት ይወጣና ቀዳዳው ላይ ይረጋል አልኳቸው። እሳቸው እንዲህ ዓይነት ጎማ ጠግነው አያውቁም፣ ግን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እኔ እሾሁን ልነቅል ስል እጄን ያዙኝ። ጎማውን አዙረው ቀዳዳውን ወደታች አደረጉት፣ ፈሳሹ እዚያ ይጠራቀም ብለው። ከዚያ በፒንሳ እሾሁን ቀስ ብለው ሳቡትና አውራ ጣታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ሲያነሱት አረፋው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ቆመ። ቀዳዳው ላይ እንደ ማስቲሽ የጠነከረች ነጭ ነጥብ ብቻ ቀረች። የንፋሱ አፍ ለኮምፕሬሰራቸው ቀጭን ስለሆነ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን የነሐስ አስማሚ አውጥቼ ነፋንለት። ሂሳብ ስል እምቢ አሉ። «እኔ ምን ሠራሁ፣ ወተቱ ነው የሠራው፣ ይልቅ እኔን አስተማርከኝ» አሉ። ቡና ጋበዝኳቸው፣ እሱንም በግድ ነው የተቀበሉኝ። አስማሚዋን እዚያው ተውኩላቸው። ሌላ ብስክሌተኛ ቢመጣ ትጠቅማቸዋለች።

ዋጋውን በተመለከተ ባለቤቱ 95 ሺህ ብር ብሎ ነበር፣ በ84 ሺህ ተስማማን። የፍሬን ሸራው ሊያልቅ ነው፣ የኋላው ኩሽኔታም ትንሽ ይንጫጫል፣ ለዚያ ነው የቀነሰልኝ። በተራራና በጠጠር በፍጥነት የሚነዳ፣ ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ተነስቶ የሚሠራ ሰው ካለ ይሄን ዓይነት ብስክሌት ሳያመነታ ይግዛ። ሥራ ለመመላለስ፣ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብሎ ለመሄድ ከሆነ ግን ለስላሳ ኮርቻ ያለውን ተራ ብስክሌት በሩቡ ዋጋ ያገኛል፣ ወገቡም ያመሰግነዋል። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ደግሞ አስፋልት ላይ ብቻ ነድቶ አይወስን። ዳገትና ቁልቁለት ያለበት ቦታ ይውሰደው፣ የጎማ ንፋስ መለኪያም ይያዝ።

የኋላውን ጎማ ሰፋ ወዳለ፣ 2.6 ኢንች መቀየር እፈልጋለሁ፣ ፍሬሙ ያስገባዋል፣ ለክቼዋለሁ። አዳማ ወይም አዲስ አበባ ላይ 29 በ2.6 የሚሸጥበትን የምታውቁ ጠቁሙኝ። ዋጋውንም አብራችሁ ንገሩኝ።