3 ሚሊ ሜትር

መዳፌ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። እስክሪብቶ ስይዝ ያመኛል። ግን የዛሬውን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እንጨት በእንጨት እየገጠሙ ቤት ማቆም መማር ከጀመርኩ ዛሬ አምስተኛ ቅዳሜዬ ነው። የምንማረው እዚሁ ሐዋሳ፣ አላሙራ ተራራ ሥር ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት ነን። አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለቱ ተማሪዎች፣ አንዷ ነርስ፣ እኔ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ። ከዚህ በፊት መሮ የያዘ ሰው በመካከላችን የለም። የሚያስተምሩን አናጺ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

ሥራው ሞራሌ በሚስማር እንደመምታት አይደለም። የአግዳሚው ጫፍ ተቀርጾ ምላስ ይወጣለታል። ቋሚው ደግሞ ይቦረቦርለታል። ጋሼ ምላሱን ወንድ፣ ጉድጓዱን ሴት ይሉታል። የእንጨቱ ጎን 12 ሳንቲ ከሆነ የምላሱ ውፍረት 4 ሳንቲ ነው፣ ሲሶው ማለት ነው። ብረት የሚባል ነገር አይገባበትም።

እዚህ ያመጣኝ የእማዬ በረንዳ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ስናሠራው ሠራተኛው ያቆመው ከተቆረጠ ሳምንት ያልሞላው ባሕር ዛፍ ነበር። ሲደርቅ ተጣመመ፣ ተሰነጠቀ፣ ሚስማሩ ላላ። ባለፈው ክረምት አንዱ ጥግ ወረደ። እማዬ ከዚያ ወዲህ እዚያ ወንበር አውጥታ አትቀመጥም። ቡናውን ውስጥ ነው የምታፈላው። ጎረቤት እያየች፣ ነፋስ እየነፈሳት ቡና ማፍላት ለምትወድ ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ባየኋት ቁጥር ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መሮ በመሳል ብቻ አለቀ። ሦስተኛው ላይ ከመስመሩ ውስጥ ገብቼ ቆረጥኩና ምላሴ ቀጠነ። ስከተው ይወዘወዛል። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ሌላ እንጨት አምጥተው ፊቴ አስቀመጡልኝ።

ዛሬ የደረስነው ማሰሪያው ላይ ነው። ወንዱ ሴቷ ውስጥ ከገባ በኋላ በሁለቱም የሚያልፍ ቀዳዳ ይሰረሰርና የእንጨት ሚስማር ይመታበታል። መሰርሰሪያውን አንስቼ ሁለቱንም አንድ ላይ ልበሳ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ ቋሚውን ብቻ ብሺ» አሉኝ።

በሳሁት። ምላሱን ከተትኩና በቀዳዳው በኩል ምልክት አደረግኩበት። መልሼ አወጣሁት። ቀጥሎ ያሉኝ ነገር ግራ አጋባኝ፤ ምልክቱን ትቼ 3 ሚሊ ሜትር ወደ አግዳሚው ትከሻ፣ ምላሱ ወደሚጀምርበት ማለት ነው፣ ጠጋ ብዬ እንድበሳ ነው የነገሩኝ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳዎቹ ልክ ለልክ መግጠም የለባቸውም እንዴ?»

«ልክ ለልክ ከገጠሙማ አይሳሳቡም፣ የኔ ልጅ።»

እኔ ቀኑን ሙሉ የማይገጥም ቁጥር የምፈልግ ሰው ነኝ። አንድ ብር ብትጎድል እስከ ማታ እቀመጣለሁ። ሆን ብሎ ማሳሳት እጄን ከበደው። በሳሁት ግን።

ሚስማሩ ደረቅ ወይራ ነው፣ ጫፉ ሾጠጥ ተደርጎ የተጠረበ። ከመምታቴ በፊት በትከሻውና በቋሚው መካከል ትንሽ ክፍተት ይታየኝ ነበር። ከቦርሳዬ አሮጌ ደረሰኝ አውጥቼ ሰደድኩበት፤ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ በእንጨት መዶሻ መምታት ጀመርኩ። መጀመሪያ ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር። ወይራው የተዛነፈውን ቀዳዳ ሲያገኝ ጠጠር አለ። ቋ! ቋ! አግዳሚው ዓይኔ እያየ ወደ ቋሚው ተሳበ። ክፍተቱ ጠፋ። ደረሰኙን እንደገና ሞከርኩት። ጫፉ ታጠፈ እንጂ አልገባም። ነርሷ መጥታ በጥፍሯ ፈተሸችው፣ ባጃጅ ነጂው በስልኩ መብራት አየው። አይገባም!

ቋሚው የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ገና እርጥብ። የእማዬ በረንዳ ትዝ ብሎኝ ጠየቅኳቸው። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፣ በውፍረቱ ነው የሚኮማተረው አሉ። ወይራው ቀድሞ የደረቀ ስለሆነ ቋሚው ሲኮማተር ጨምድዶ ይይዘዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ እርጥበቱን ስረግም ነበር። ለካስ ለሚያውቅበት ሰው እርጥበትም ይሠራል።

ምሳ ላይ ጋሼ የአክሱምን ሐውልት አነሱ። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ላይ ረድፍ ረድፍ ይዘው የወጡት ክብ ጉጦች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። በግድግዳ ውስጥ አልፈው የሚወጡ የእንጨት ጫፎች ናቸው፤ በድንጋይ ተቀረጹ እንጂ። እኔ አክሱም ሄጄ ከሥሩ ፎቶ ተነስቻለሁ። ጌጥ ነበር የመሰለኝ። ደጋግሜ ያሰብኩት ድንጋይ ጠራቢውን ነው። እንጨት እንዴት እንደሚገጠም ጠንቅቆ ያየ ሰው መሆን አለበት።

የተለማመድኩበትን መገጣጠሚያ ይዤው እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ከባድ ነው፤ ባጃጅ ነጂው ጓደኛችን እስከ እማዬ በር አደረሰኝ። እማዬ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አገላበጠችው። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው፣ ነቀነቀችው።

«ሚስማሩስ?»

«ያው ነው እማዬ፣ ወይራው።»

የወይራውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ባትሪ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። የወረደው ጥግ ሥር ቆማ ወደ ላይ አበራች።

«ከዚህ ነው የምትጀምሪው?» አለችኝ።

ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።