ብሬግዚትን ለአሰብ ሹፌር ማስረዳት

ደሴ ለእረፍት የገባ ዲያስፖራ የሚጠየቀው ይታወቃል። መቼ መጣሽ፣ መቼ ትመለሻለሽ፣ ልጅስ? ዘንድሮ የእኛ ቤት ሰዎች አንድ ጨምረው ጠበቁኝ። እንግሊዝ ብሬግዚት ብላ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ ከሰረች ወይስ አተረፈች?

በርሚንግሃም ውስጥ ይህን በግልጽ የሚጠይቅ ሰው ካገኘሁ ቆየሁ። እዚያ ነገሩ ሰልችቷቸዋል፤ ያልሰለቸው ደግሞ ጠብ እንዳይነሳ ይተወዋል። ሆጤ እናቴ ቤት ግን አቦሉ ሳይቀዳ ጎራ ተለየ።

ነገሩን የጀመረው የአክስቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ባንክ ቤት ይሠራል። የምንዛሪ ተመን ሲያይ ስለሚውል በዚህ ጉዳይ ማንንም አይሰማም።

"ስትወጡ ፓውንድ 30 ብር አይሞላም ነበር። አሁን ከመቶ በላይ ገብቷል። ምኑ ላይ ነው የከሰራችሁት?" አለኝ።

ቤቱ ሳቀ። እናቴ ሳትቀር ከእሱ ጋር ወገነች። የምልክላት ብር በቁጥር ስለበዛ ብሬግዚት የሚሉት ነገር ምርቃት መስሏታል።

"ኧረ እሱ የብሩ ጣጣ ነው!" አልኩ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ብር ወደቀ እንጂ ፓውንድ አልተነሳም። ፓውንድ ራሱ የወደቀው ያኔ ከኅብረቱ እንውጣ ወይስ እንቆይ ተብሎ ድምፅ በተሰጠ ማግስት ነው፤ ጁን 2016። የሚገርመው ሁለቱም 2016 ናቸው፣ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ። ከዚህ በታች የእንግሊዙን ቀን በእነሱ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው እንደተደናገረው አንባቢ እንዳይደናገር።

ያን ሌሊት መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ማምሻውን 1.50 ዶላር አካባቢ የነበረው ፓውንድ ሲነጋ 1.32 ገደማ ወረደ። ከ1985 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም ተባለ። አጠገቤ ካርቶን የሚያሽግ ፖላንዳዊ ነበር። ጓንቱን አውልቆ ስልኩ ላይ በአገሩ ገንዘብ በዝሎቲ ያሰላል። እኔም በብር አሰላለሁ። ሁለታችንም አልመረጥንም። እኔ ዜግነት አልነበረኝም፤ እሱ ደግሞ የኅብረቱ ዜጋ ሆኖ ሳለ በዚህ ምርጫ ድምፅ የለውም። ከእኛ ጋር የሚሠራው ናይጄሪያዊ ግን መረጠ። አገሩ የኮመንዌልዝ፣ በአብዛኛው የእንግሊዝ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች የተሰባሰቡበት ማኅበር፣ አባል ስለሆነች ይፈቀድለታል። ፖላንዳዊው ይህን ሲሰማ ያሳየው ፊት እስካሁን አይኔ ላይ አለ።

በሚቀጥለው ጊዜ የላክሁት ብር ደሴ ሲደርስ እናቴ ደወለች። "ምነው አነሰ? ከሥራ ቀነሱሽ እንዴ?" ስለ ሪፈረንደም፣ ስለ ሕዝበ ውሳኔው፣ በስልክ ላስረዳት ሞከርኩና ተውኩት።

አገሩ 51.9 ለ48.1 ነው የተከፈለው። በርሚንግሃም ደግሞ 50.4 በመቶው "እንውጣ" አለ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ምሳ ከሚበሉት ግማሾቹ ከግማሾቹ ጋር አይስማሙም ማለት ነው። ሁለቱም ወገን ቁጥር ነበረው። "እንውጣ" ባዮቹ በሚቀሰቅሱበት ቀይ አውቶብስ ላይ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኅብረቱ እንልካለን ብለው ጻፉ። እንግሊዝ የሚመለስላትን ቅናሽ ስላልቀነሱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑ ራሱ አሳሳች ነው አለ። "እንቆይ" ባዩ መንግሥት ደግሞ ከወጣን በ2030 እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ያጣል አለ። ድምፁ ብቻ ኢኮኖሚውን ያናጋዋል፣ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ከሥራ ይወጣል ብሎም አስፈራራ። አልሆነም። ሥራ አጡ በዓመቱ ጭራሽ ቀነሰ።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ጋ ጭኑን መታ። "አላልኩም! ባለሙያ ነን ባዮቹ ዋሹ።"

የእሱን ነገር እንግሊዞቹም ይሉታል። ኒውካስል ውስጥ አንድ ፕሮፌሰር ብንወጣ ጂዲፒ፣ የአገሩ ጠቅላላ ምርት፣ ይወርዳል ብሎ ሲያስረዳ፣ ከተሰብሳቢው አንዲት ሴት ያ የእናንተ ጂዲፒ ነው እንጂ የእኛ አይደለም ብላ ጮኸችበት። እውነቷን ነው። ፋብሪካው ከተዘጋበት ከተማ የመጣ ሰው የአገር ምርት ጨመረ ቢሉት ኪሱን ነው የሚዳብሰው።

እስከዚህ አጎቴ ዝም ብለው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። ጡረታ ወጥተዋል። ወጣትነታቸው ያለቀው በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ ነው። ማንዳ፣ ኤሊዳር፣ ሎጊያ፣ ሚሌ ብለው በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣሉ፤ ከዚያ ሐረጎን ቀጥ ብለው ደሴ። ጭነቱ የወሎም የሰሜኑም ነው። ሲኒውን አስቀመጡና "እስኪ አንቺ ልጅ፣ ድንበሩ ላይ ወረቀት አለ ወይስ የለም?" አሉኝ።

ይህን ያህል ዓመት እንግሊዝ ኖሬ እንዲህ ቀጥ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።

"ድሮ አልነበረም ጋሼ፣ አሁን አለ" አልኳቸው። እስከ 2020 መጨረሻ በርሚንግሃም የተጫነ ዕቃ ጣሊያን ድረስ ጉምሩክ ሳይፈትሸው ይገባ ነበር። ዲሴምበር 24 ቀን 2020 ስምምነት ላይ ደረሱ፣ ቀረጥም ኮታም የለም ተባባሉ። ይህ የሚሠራው ግን ዕቃው እዚያው የተመረተ መሆኑ በማስረጃ ሲታወቅ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ወደ አውሮፓ የሚሻገር ጭነት ሁሉ ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ቅጽ፣ ይሞላለታል። ሥጋና ወተት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ፊርማ ይጨመርበታል።

"ትራንዚተርስ?"

"ጉምሩኩን ለሚያስጨርስ ትራንዚተርም ይከፈላል።"

"በቃ" አሉ። "ቀረጥ ባይኖር ቀን ይከፈላል። መኪና ሲቆም አበል አይቆምም።"

ከዚያ የራሳቸውን አመጡ። ኤርትራ በ1985 ሪፈረንደም አደረገች፤ 99.8 በመቶው ነጻነት አለ። "እኛ መለየታቸውን በሬዲዮ ነው የሰማነው። መንገዱ ላይ አላየነውም" አሉ። እውነት ነው። ብሩ ያው ብር ነበር። አሰብም ለኢትዮጵያ ዕቃ ክፍት ነበረች። አጎቴ ከሪፈረንደሙ በፊት የጫኑትን ከሪፈረንደሙ በኋላም ጫኑ። "ሰው ምን ተለየ ታዲያ ሲል እኔም ምን ተለየ እል ነበር" አሉ። በ1990 መግቢያ ላይ የኤርትራ የራሷ ገንዘብ፣ ናቅፋ፣ መጣ። ንግዱ በውጭ ምንዛሪ፣ ባንክ በሚከፍተው ኤልሲ ይሁን ተባለ። ቡናና ጤፍ፣ ጨውና ነዳጅ በአንድ ጊዜ ወረቀት ሆኑ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ተነሳና አሰብ ተዘጋች። እኛ ሰፈር ከአሰብ ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸው ከእኔ ጋር ተምረዋል።

"እንግሊዞችሽም እንደዚያው ናቸው" አሉ አጎቴ። "ድምፁን በ2016 ሰጡ። ወረቀቱ መቼ መጣ አልሽ? በ2021። መሀሉ ላይ ሁሉም 'ይኸው፣ ምን ሆንን?' ሲል ነበር።"

የአክስቴ ልጅ አልተቀበለም። "ጋሼ፣ ያ እኮ ጦርነት ነው። ደም የፈሰሰበትን ከምርጫ ጋር አያገናኙት።"

እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። ሠላሳ ዓመት የተዋጉ ሰዎችን ጉዳይ ከቀይ አውቶብስ ጋር ማወዳደር ይከብዳል። ደግሞ እንግሊዝ ከመጀመሪያም የራሷ ገንዘብ ነበራት፤ በዩሮ አልገባችም። የምትለየው ብር ስላልነበራት ናቅፋን የመሰለ ድንጋጤ አልመጣባትም። የመሀሉን ጊዜ ግን አጎቴ በትክክል ይዘውታል። እንግሊዝ በስም የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግን በድሮው ደንብ ነበር የሚነገደው። ከድምፁ እስከ ወረቀቱ አራት ዓመት ተኩል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ "አልጎዳንም" ያለው ሰው ገና ያልደረሰ ነገር ላይ ነበር የሚፈርደው።

ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ኮሮና ነበር። ቀጥሎ የዩክሬን ጦርነት ነዳጅና ጋዝ አስወደደ። ኦክቶበር 2022 ላይ የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደረሰ። ከዚህ ውስጥ የቱ የብሬግዚት፣ የቱ የኮሮና እንደሆነ የሚለየው በሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን ደግሞ የሚያምን አለ፣ የማያምን አለ። የመንግሥትን በጀት የሚገመግመው ገለልተኛ መሥሪያ ቤት መውጣቱ ውሎ አድሮ የአገሪቱን ምርታማነት፣ ብትቆይ ኖሮ ይሆን ከነበረው በ4 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል ብሎ ይገምታል። "ብትቆይ ኖሮ" የምትለዋን እንግሊዝ በዓይን አይቶ የሚመሰክር የለም። አጎቴ ግን ኬላው ላይ የሚቆመውን መኪና አይተዋል። ለእኔ ከአራት በመቶው ይልቅ የእሳቸው "ቀን ይከፈላል" ነው የገባኝ። መጋዘናችን ውስጥ ወደ አየርላንድና ወደ አውሮፓ የሚሄደው መስመር ላይ ወረቀት ብቻ የሚሞሉ ሰዎች ተቀጠሩ። አንዷ ጓደኛዬ ናት። ለእሷ ብሬግዚት ሥራ ሰጥቷታል። ለቀጣሪው ወጪ ነው። ፖላንዳዊው ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ2021 መኸር ላይ እንግሊዝ የከባድ መኪና ሹፌር አጥታ ነዳጅ ማደያው ሁሉ ሰልፍ ሆኖ እንደነበር ስነግራቸው አጎቴ ሳቃቸው መጣ። ወታደር ቦቴ ነዳ። መንግሥት ለውጭ ሹፌሮች 5,000 የአጭር ጊዜ ቪዛ አቀረበ፤ ፈላጊው ግን ጥቂት ነበር። "ምነው ያኔ ባልደወልሽልኝ! በጡረታዬ ላይ እሄድ ነበር ወላሂ።" በርግጥ የመንጃ ፈቃድ ፈተና በኮሮና ተቋርጦ ነበር፣ አውሮፓም ሹፌር አጥሯት ነበር። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ "ይኸው!" አለ።

አንድ ነገር ላይ ግን እሱም አሸንፏል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኤፕሪል 2025 ላይ በየአገሩ ቀረጥ ሲጥል የእንግሊዝ 10 በመቶ፣ የኅብረቱ 20 በመቶ ተባለ። የኅብረቱ በዚያው ዓመት በድርድር ወደ 15 ቢወርድም ያኔ ልዩነቱ አልጠፋም። ብቻ መሆን እዚያ ላይ ጠቅሟታል። ከውጭ ሽያጯ ከ40 በመቶ በላይ የሚሄደው ግን ወደ አውሮፓ ነው፤ ጎረቤት በቀላሉ አይተካም። ይህን ኮምቦልቻ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎአ፣ ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ከሚያሸጠው ዕድል፣ ስትሰረዝ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ መሸጥ ምን እንደሆነ ከተማው አይቷል።

ቶናው ላይ ሌላዋ የአክስቴ ልጅ፣ ነርሷ፣ ገባችበት። የእሷ ጥያቄ አጭር ነው። "ለአውሮፓ በሩ ሲዘጋ ለእኛ አልተከፈተም?"

ተከፍቶ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ለሥራ አዲስ የሚመጣ ፖላንዳዊና ኢትዮጵያዊ በሕጉ ፊት እኩል ሆኑ። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ቪዛ ተፈቀደ። "ስደተኛ ይቀነስ" ብለው ድምፅ የሰጡ ሰዎች እስከ ጁን 2023 ባለው አንድ ዓመት ብቻ፣ ከወጣው የገባው በ900,000 ገደማ ሰው በልጦ አዩ። ብዙው ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ነው። እነሱ ተናደዱ፣ የእኛ ሰው ዘመድ አመጣ። የእኔ ችግር ከደላላው ጋር ነው። ለአንድ ወረቀት ቤት ሸጦ የከፈለ፣ ሲደርስ ሥራ የሚባል ያላገኘ ልጅ ቤቴ አስተኝቻለሁ። ደላላው ስልኩን ዘግቷል። ጁላይ 2025 ላይ ደግሞ በዚያ ቪዛ ከውጭ አገር አዲስ መቅጠር ቆመ። ነርሷ ይህን አልሰማችም ነበር። አንድ ሰው አሁንም "ይወጣልሻል" እያለ ገንዘብ እየጠየቃት ነው። ያን ዕለት ማታ ለብቻ ወስጄ ረጅም አወራኋት። ብሬግዚትን ያነሳ የለም፤ ያወራነው ስለ ደላላው ነው።

በረካው ሲቀዳ አጎቴ ተመልሰው መጡ። "አሁንስ? ተመልሰን እንግባ የሚል የለም?"

የሚል አለ፤ የሚያደርግ መንግሥት የለም። ያሁኑ መንግሥት ወደ ጋራ ገበያውም ወደ ጉምሩክ ኅብረቱም አንመለስም ብሏል። ሜይ 2025 ላይ ግን ለንደን ውስጥ ተገናኝተው ለምግብና ለእርሻ ምርት የሚጠየቀውን ወረቀት ለማቅለል መስማማት ጀመሩ። የአውሮፓ አሳ አስጋሪዎችም እስከ 2038 በእንግሊዝ ውሃ ላይ እንዲቀጥሉ ተፈቀደ።

"እንግዲያ ሥጋ የጫነው አለፈለት" አሉ። "ብሎን የጫነውስ?"

"እሱ ዲክላራሲዮኑን ይዞ ይሰለፋል ጋሼ።"

"ይሰለፋ" አሉና ሲኒያቸውን ለእናቴ አቀበሉ።