ልማዱ ሳይቋረጥ ልቤ ሲቀዘቅዝ

መንፈሳዊ መዘናጋት ጸሎትን በመተው ይጀምራል ብዬ አስብ ነበር፤ በእኔ ላይ የደረሰው ግን ጸሎቱም፣ ንባቡም፣ የጉባኤ ተሳትፎዬም ሳይጓደል ነው። «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምርና «አሜን» ብዬ እዘጋለሁ፤ በመካከል ያለውን የሚያውቀው ከንፈሬ ብቻ ነበር። ከዚያ የሚከፋው፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም የጐደለብኝ አይመስለኝም ነበር።

ያነቃኝ በዮሐንስ ራእይ ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈው መልእክት ነው። ይህች ከተማ በ60 እ.ኤ.አ. በምድር መንቀጥቀጥ ፈርሳ፣ የሮም መንግሥት ሳይረዳት በራሷ ሀብት እንደ ታነጸች ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ መዝግቧል። መልእክቱ የሚጠቅሰው «አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም» የሚለው መንፈስ ከከተማዪቱ ወደ ምእመናኑ እንደ ተጋባ ይሰማኛል። መፍትሔውን ያገኘሁት ግን በዚያው ራእይ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን በተጻፈው ላይ ነው፦ ከወዴት እንደ ወደቅህ አስብ፣ ንስሐ ግባ፣ የቀደመውን ሥራህን አድርግ። የቀደመውን ስሜትህን መልስ አይልም፤ እኔ ደግሞ እጠብቅ የነበረው ስሜቱን ነው።

ስለዚህ አባታችን ሆይን አንድ አንድ ልመና እየለየሁ፣ ከልቤ ሳልለው ወደሚቀጥለው ላለማለፍ ወሰንሁ። «እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ፤ ሰላምታ እየሰጠሁት በልቤ የዘጋሁት አንድ ሰው ነበርና። ሄጄ አነጋገርሁት። ንግግሩ አጭር ነበር፣ የሚያስደስትም አልነበረም፤ እርሱም በእኔ ላይ የማላውቀው ቅሬታ ነበረው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ያንን ልመና በችኮላ ማለት አልቻልሁም፤ ጸሎቱም በሙሉ ክብደት አገኘ።

ንባቤንም መረመርሁ። በመጽሐፍ ቅዱሴ ያሰመርሁባቸው ጥቅሶች ከሞላ ጐደል ሁሉም የሚያጽናኑ ነበሩ፤ በጽዮን ተዘልለው የተቀመጡትን «ወዮላቸው» የሚለውን አሞጽን፣ የያዕቆብንም መልእክት በጥድፊያ አልፋቸው ነበር። አሁን የምጀምረው ከእነርሱ ነው።

መሰልቸቱ ፈጽሞ አልጠፋም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግርዮስ መንፈሳዊ ስልቹነትን ከስምንቱ ክፉ አሳቦች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ እንደሚበረታ፣ መነኩሴውንም ፀሐይዋ አልንቀሳቀስ አለች እስኪል ድረስ እንደሚያስጨንቀው ጽፎአል፤ ምክሩም በዓቱን ትቶ አለመውጣት ነው። እኔም እንዲህ ባለው ቀን ጸሎቴን አሳጥራለሁ እንጂ አልተወውም። በወንጌሉ ምሳሌ ሙሽራውን ሲጠብቁ ዐሥሩም ቈነጃጅት አንቀላፍተው እንደ ነበር፣ ልባሞቹም ሳይቀሩ፣ ማስታወሱ ከተስፋ መቍረጥ ይጠብቀኛል፤ ልዩነቱ ለመብራታቸው በያዙት ዘይት ላይ ነበር።

ከሁሉ የረዳኝ ግን በእምነት ከሚቀርበኝ ወዳጄ ጋር ያደረግሁት ስምምነት ነው። ስንገናኝ «ጸልየሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቀኝም፤ ይህንንማ ተዘናግቼም ያለ አንዳች ችግር «አዎ» ብዬ ስመልስ ኖሬአለሁ። የሚጠይቀኝ «አሁን ያልታረቅኸው ሰው ማን ነው?» ብሎ ነው።