አያ የላከልኝ የቤት ሥራ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! መልካም 2018፣ ወዳጆቼ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ገና አልገፈፈም፤ የሰፈሩ ልጆች ግን እኛ በር ላይ ሁለት ዙር ዘፍነው ሄደዋል። መውሊድና እንቁጣጣሽ በአንድ ሳምንት ሲገጥሙ ደሴ ምን እንደምትመስል ለምታውቁት አልነግራችሁም። እግሬ እስኪዝል ቤት ለቤት ስዞር ነው የሰነበትኩት።

አጭር መልእክት ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። አልሆነልኝም። ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ያልደወለ ሰው አለ።

አጎቴ ነው። እኛ ቤት ትንሽ ትልቁ «አያ» ነበር የሚለው። በየካቲት ሂውስተን ላይ አረፈ። ስልክ ሳይኖረን ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ይደውላል፤ ያኔ የሚደውለው ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ነበር፣ ልጆቻቸው በባዶ እግራቸው እየሮጡ መጥተው ይጠሩናል። እንኳን አደረሳችሁ ይልና ለእኔ ሁሌም ያንኑ ይነግረኛል፦ «ለእንቁጣጣሽሽ ለቻናል 8 ሃያ ዶላር ሰጥቼልሻለሁ።» ይከፋኝ ነበር። ለጓደኞቼ ከውጭ ጫማ ይላክላቸዋል፣ የእኔ አጎት በስሜ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ይሰጣል።

የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አያ በሱዳን በኩል ዞሮ ሂውስተን ሲገባ፣ ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ይዞት ከሄደው እንግሊዝኛ ሌላ ምንም አልነበረውም። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። ትምህርት ቤት የሚሄድበት ሰዓት የለውም። አንድ ያገር ልጅ ከተማ ሲቀይር አሮጌ ቴሌቪዥን ትቶለት ሄደ፤ ቻናል 8ን ያገኘው በእሷ ነው። «እማዬ፣ ስሜን ሳይጠይቅ የሚያስተምረኝ ቤት አገኘሁ» ብሎ ለእማማ ጻፈላት። ደብዳቤው አሁንም አለ።

ጣቢያው ኬዩኤችቲ ይባላል፣ የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1953፣ በእኛ ግንቦት 17 ቀን 1945፣ ሥራ ሲጀምር በአሜሪካ ለንግድ ሳይሆን ለትምህርት ብቻ የቆመ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን 242 ቻናሎች ለትምህርት ተከልለው እንዲቀመጡ ወስኗል። ለዚያ አጥብቃ የተሟገተችው ፍሪዳ ሄኖክ ናት፣ በኮሚሽኑ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት። አያ ስለ እሷ ሲያወራ ስለ ዘመዱ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። «ነጋዴው ሁሉ ቻናል ሲሻማ፣ ይሄስ ለተማሪ ይቀመጥ አለች» ይለኛል። ስንት ጊዜ እንደነገረኝ!

እኔ ግን የምወደው የማታውን ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1927 ሲጀመር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ማታ ማታ የሚያስተምር ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ቴሌቪዥን ሲያገኝም አመሉን አልተወም። ዶክተር ሪቻርድ ኢቫንስ የሚባሉ መምህር የሥነ ልቦና ትምህርታቸውን ካሜራ ፊት ቆመው አስተማሩ፣ ተማሪው ቤቱ ሆኖ ማርክ የሚያዝለት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። እንዲህ ያሉ ትምህርቶች በሳምንት ከ13 እስከ 15 ሰዓት ይተላለፉ ነበር፣ ከጣቢያው ሥርጭት 38 በመቶው ማለት ነው። አብዛኛው የሚተላለፈው ማታ ነው፤ ቀን የሚሠራው ሰው ገብቶ እግሩን ታጥቦ ሲቀመጥ እንዲያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያ ጣቢያ የተሰጠው ትምህርት ከ100,000 የሴሚስተር ሰዓት (ክሬዲት) አልፏል። አያ የደረሰው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። ቢሆንም ለእሱ ተብሎ የተሠራ ይመስለው ነበር። እኔም ይመስለኛል።

ልጅ እያለሁ ሦስት የቪዲዮ ካሴት ላከልኝ። ቪዲዮ ማጫወቻ ካለው ቤት ሄደን ከተትነው። የአሜሪካ ካሴት የሚቀዳበት ሥርዓት ከእኛ አገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ ማን ያውቃል! ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሽቅብ ይንከባለላል፣ ድምፁ ይንተባተባል። ተሰብስበን ትንሽ አየንና ተውነው። እማማ ግን በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንሸሽ ቆጥ ላይ ወሸቀቻቸው። በታኅሣሥ ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ካሴቶቹ አሉ።

አያ ካረፈ በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ልጅ ጋ ወሰድኳቸው። ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ማጫወቻ ፈልጎ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ሂሳብ ስጠይቀው «ተይው እህቴ፣ እኔም አየሁት» አለኝ። ወንድሜ፣ ይሄን እያነበብክ ከሆነ እንኳን አደረሰህ። ዕድሜህ ይርዘም።

ሁለቱ ካሴቶች ከቻናል 8 የተቀዱ የሳይንስ ትምህርቶች ናቸው። ሦስተኛው ግን ራሱ አያ ነው።

የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። ካሜራ ተውሶ ነው። ከኋላው ግድግዳ ላይ ልብ የሳለበት ወረቀት ለጥፏል። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዛሬ ስለ ልብ እንማራለን» አለ፣ በአማርኛ፣ ልክ ቴሌቪዥን ላይ እንዳያቸው መምህራን ቀስ ብሎ። ሃያ ደቂቃ አስተማረኝ። ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ከሳንባ ምን ይዞ እንደሚመለስ። ሳየው እድሜው አሁን ካለሁበት ያንሳል። መጨረሻ ላይ ወደ ካሜራው ጠጋ አለ። «የቤት ሥራ። የእማማን እጅ ያዢና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቁጠሪ። መልሱን በደብዳቤ ላኪልኝ።»

አላክኩለትም። በየዓመቱ ሲደውል ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ሐምሌ ላይ ሌላ ወሬ ሰማሁ። የአሜሪካ ምክር ቤት ለሕዝብ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ1967ቱ ሕግ ተቋቁሞ ለየአካባቢው ጣቢያ ገንዘብ ሲያከፋፍል የኖረው ኮርፖሬሽን ፎር ፐብሊክ ብሮድካስቲንግም ሐምሌ 25 ቀን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። አያ ይሄን ሳይሰማ መሄዱ ደግ ነው እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ቢኖር ኖሮ ሃያውን አርባ ያደርገው ነበር እላለሁ። በስሙ ሃያ ዶላር ዛሬ ተልኳል። የላከችው የሐይቋ ልጅ ናት፤ አያን መጨረሻውን ሁለት ወር ያስታመመችው፣ ገንፎ እየሠራች ያጎረሰችው እሷ ናት። እህቴ፣ አላህም እግዜርም ውለታሽን ይክፈልልን። የሐጂ ባለቤት በመውሊድ ዱዓው ላይ አንቺንም አያንም በስም ጠርተው አሚን አስብለዋል፣ ይሄን እንድታውቂው ነው።

ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ወዳጆቼ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ላላችሁት፣ የዓመቱ ምኞቴ አንድ ነው፣ በቁም ነገር ነው የምለው። ባለባጃጁ ማታ 4 ሰዓት ገብቶ የሚያየው፣ ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ እየቆረጠች የምታዳምጠው አንድ ትምህርት ቅረጹ። በአማርኛ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ስቱዲዮ እስኪሠራ አትጠብቁ፣ አያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የቀረጸው። እኔም ክፍሌ ውስጥ እጀምራለሁ፣ ቃሌ ነው።

እናንተም በዚህ ዓመት ሰው ያጣችሁ፣ አብሽሩ። ብዙዎቻችሁን አውቃለሁ፣ ሰሞኑን በየቤታችሁ እመጣለሁ።

አሁን ቡናው ሊቀዳ ነው። እማማ ቄጤማው ላይ ቁጭ ብላለች፣ አደይ አበባ ጭኗ ላይ አለ። ቅድም እጇን ስይዛት «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው አልኳት።

አያ፣ 74 ነው።