የባልሳ ሞዴል አውሮፕላኔን እንዴት እንዳለበስኩትና እንደቀባሁት

ብዙ ሰው የእንጨት አጽሙን ስስ ወረቀት ማልበስን የአውሮፕላኑ ማስዋቢያ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን ከግንባታው እኩል እጠነቀቅለታለሁ። ባልሳ ከሚባለው በጣም ቀላል እንጨት በተሠሩ ቀጫጭን ጎድኖች የተዋቀረ ክንፍ ባዶውን ሲያዝ በቀላሉ ይጠማዘዛል፤ ወረቀቱ ተወጥሮ ሲጣበቅበት ግን ያው ክንፍ ጠንክሮ ይገኛል።

ሥራውን የጀመርኩት አጽሙን በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት በማለስለስ ነው። ዓይን የማያየውን የሙጫ ጠብታ ጣት ስለሚያገኘው፣ እያንዳንዱን ጠርዝ በጣቴ እየዳሰስኩ አለፍኩ። ከዚያም ወረቀቱ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ፣ ዶፕ በሚባለው የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ደጋግሜ ቀባሁና ሲደርቅ የሚቆመውን የእንጨት ጭረት እንደገና አለሰለስኩት።

ቲሹ የሚባለው ስስ የማልበሻ ወረቀት የራሱ የቃጫ አቅጣጫ አለው። ጥጉን ቀደድ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ የሚቀደድበት በኩል የቃጫው መስመር ነው፤ ይህ መስመር ከክንፉ ሥር ወደ ጫፉ እንዲሄድ ካደረጉት ወረቀቱ በጎድኖቹ መካከል እምብዛም አይሰረጉድም። ወረቀቱን ከዘረጋሁ በኋላ በላዩ ላይ ቲነር በብሩሽ ሳሳልፍ፣ ከሥር የደረቀው ዶፕ ለስልሶ ያዘው። ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር እየሳብኩ ሄድኩ፤ የተጠጋጋውን የክንፍ ጫፍ ግን በተለየ ቁራጭ አለበስኩት፣ አንድ ወጥ ወረቀት በዚያ ጥምዝ ላይ ሳይሸበሸብ አይተኛምና።

ከሁሉም ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው ቀጣዩ ደረጃ ነው። ውሃ በጭጋግ መልክ ሲረጭበት ወረቀቱ መጀመሪያ ይላላል፣ ይሸበሸባል፤ እየደረቀ ሲሄድ ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ይህ ውጥረት ለስላሳውን አጽም ሊያጣምመው ስለሚችል፣ ላይና ታቹን በአንድ ጊዜ አርጥቤ፣ አየር እንዲገባ ከሥሩ ትንንሽ እንጨት አድርጌ፣ ክንፉን በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በስፒል ያዝኩት፤ ፈጽሞ ሳይደርቅም አላነሳሁትም። በቲነር እኩል ለእኩል የቀጠነውን ዶፕ ስቀባም እንዲሁ አደረግኩ። ዶፑ ከጊዜ ወደ ጊዜ መኮማተሩን ስለማያቆም ጥቂት ጠብታ የጉሎ ዘይት ጨመርኩበት። እርጥበት በበዛበት ቀን የተቀባ ዶፕ ነጭ ዳመና ስለሚያወጣ ደረቅ ቀን መምረጥ ይገባል፤ ትነቱም ስለሚመርዝና በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ ይሠራ።

ቀለም ላይ ቁጥብ ነኝ። ጅራቱ ከሚዛን ነጥቡ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ሚዛኑን ጠብቆ ከሚቆምበት ቦታ፣ ያለው ርቀት የአፍንጫው ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ በጅራት ላይ የተጨመረ 1 ግራም ቀለም በአፍንጫው ላይ 3 ግራም ማካካሻ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋናውን ቀለም ባለቀለም ቲሹ እንዲሰጠኝ አድርጌ፣ በብሩሽ የቀባሁት ጌጠኛ መስመሮችን ብቻ ነው። ቀለም እንዳይነካው የሚፈለገውን ቦታ የሚሸፍነውን የማስኪንግ ቴፕ ጠርዝ አስቀድሜ ቀለም በሌለው ዶፕ ስለዘጋሁት ቀለሙ ከሥሩ አልሾለከም። በሜታኖል ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ላላቸው ሞዴሎች ግን ነዳጁ የናይትሮሴሉሎስ ዶፕን ስለሚያሟሟ፣ የላይኛው ሽፋን ነዳጅ የሚቋቋም መሆን አለበት።

ከመብረሩ በፊት ክንፉን ከኋላ በኩል በአንድ ዓይን አይቼ ቀጥታነቱን እመረምራለሁ። ጠመም ያለ ነገር ካገኘሁ ከሚፈላ ውሃ በሚወጣ እንፋሎት ላይ ይዤ፣ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፌ ወደ ተቃራኒው እጠመዝዘውና እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልለቀውም።