ሳይጀመር የሚነገር ቃል

ዛሬ ምሽቱን ከማንም ጋር ሳልነጋገር አሳለፍሁት። ያቺ የሥራ ባልደረባዬ ከጠዋት ጀምራ ስታስተካክለው የዋለችውን ምስል ኮሚት ልታደርግ፣ ማለትም ወደ ጋራ ማከማቻችን ልትልክ ስትል፣ የፋይሎቻችንን ለውጥ የሚመዘግበው ሰብቨርዥን የተባለው ፕሮግራም ፋይሉን ሌላ ሰው እንደቆለፈው ነግሮ መለሳት። የቆለፍሁት እኔ ነበርሁ። ምስል እንደ ኮድ መስመር በመስመር ተነጻጽሮ አይዋሐድም፤ ከሁለታችን ሥራ አንዱ መጣል ነበረበት፣ የተጣለውም የእሷ ሆነ። «ታዲያ ሳልጀምር አትነግረኝም ነበር?» አለችኝ።

መቆለፌ ራሱ መንገር መስሎኝ ነበር። ቁልፉ ግን የቆመው በማከማቻው በር ላይ ነው፤ ሠርቶ የጨረሰውን ይመልሳል እንጂ ሊጀምር የተነሣውን አያስጠነቅቅም። ለማስጠንቀቅ የተበጀው ኒድስ-ሎክ የተባለው ፕሮፐርቲ፣ ማለትም በፋይሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው፤ ፕሮፐርቲው ተደርጎ ኮሚት ከሆነና ሌሎቹም አፕዴት ካደረጉ (አዲሱን ከማከማቻው ካወረዱ) በኋላ፣ ፋይሉ ቁልፉን ላልያዘ ሰው ሁሉ ለንባብ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰው አንዲት ነጥብ ከመለወጡ በፊት ቁልፉን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ማታ በምስሎቹ ሁሉ ላይ አደረግሁት። ደጋግሜ ያሰብሁት በፕሮፐርቲው ስለሚጻፈው እሴት ነው፤ «አይ» ብለው ቢጽፉበት እንኳ ፕሮፐርቲው ይሠራል፣ የሚቆጠረው መኖሩ ብቻ ስለሆነ፤ ለማስቀረት መሰረዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ በማከማቻው ያሉትን ቁልፎች ስመለከት፣ በአንድ አሮጌ ሥዕል ላይ የ«ኦ» ፊደል አየሁ፤ ሌላ ሰው ይዞታል ማለት ነው። ኢንፎ በሚለው ትእዛዝ ስጠይቅ የዚያ ከእኛ ክፍል የተዛወረው ልጅ ስም ወጣ፤ ከሥሩም «ነገ እጨርሰዋለሁ» የሚል የራሱ መልእክት ነበረ። ሥዕሉን እፈልገዋለሁ። በመክፈቻው ትእዛዝ ላይ ፎርስ (በግድ) የሚለውን ጨምሬ ቁልፉን ብሰብረው ሰብቨርዥን አይከለክለኝም፤ ለእሱም ቁልፉ እንደተሰበረ የሚነግረው ማንም የለም፤ የሚያውቀው አፕዴት ሲያደርግ ወይም የሠራውን ሊልክ ሲል ነው። ምናልባት ያን ሥዕል ረስቶታል፤ ምናልባትም ግማሹን ሠርቶ በኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦታል። ትእዛዙን ጽፌ አስገባ የሚለውን ሳልጫን ተቀምጫለሁ። በዚህ ሰዓት ልደውልለት ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ?