ኮኮናት ተነስቶ የተረፈች ወፍ

ሲሸልስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የባህር ዳርቻውና የጫጉላ ሽርሽሩ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለችኝ እዚያው ያለች ከዝን የምትባል ደሴት ናት። ስፋቷ 30 ሄክታር ገደማ ነው፣ በቃ። ግን አንድ የወፍ ዘር ሳይጠፋ የቀረው በእሷ ነው።

የሲሸልስ ዋርብለር ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት፣ ዓይን የምትስብም አይደለችም። ሰው ደሴቶቹን እየመነጠረ ኮኮናት ሲተክልባቸው፣ ከመርከብ ጋርም አይጥና ድመት ሲገባ፣ ቀስ በቀስ አልቃ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀሩት 30 አይሞሉም ነበር፣ ሁሉም ከዝን ላይ። በ1968 ዛሬ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ደሴቷን ገዛት።

ከዚያ ምን አደረጉ? ኮኮናቱን አነሱ። ዋናው ሥራ ይሄ ነበር። ወፏ የምትኖረው ከቅጠል ስር ነፍሳት እየለቀመች ነው፣ በተለይ ፒሶንያ ከሚባለው የአገሩ ዛፍ፤ ኮኮናት ደግሞ ለእሷ ባዶ ሌማት ነው። ጫካው ሲመለስ ወፎቹ በዝተው ከ300 አለፉ።

ያኔ ቦታ ጠበበ። ልጆቹ አድገውም የራሳቸው ቦታ ስለሚያጡ ወላጆቻቸው ዘንድ ቆይተው ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ። በ1988 29 ወፎች ተይዘው አሪድ ወደምትባል ደሴት ሲወሰዱ፣ ከዝን ላይ የተለቀቀውን ቦታ እነዚያ ልጆች በሰዓታት ውስጥ ያዙት! አሪድ የገቡትም ወለዱ፣ በዙ። ዛሬ በ5 ደሴቶች ላይ ከ3,000 በላይ ናቸው።

አሁንም ከዝንን የሚጎበኝ ሰው በመጣበት ጀልባ አይወርድም። አይጥ ተደብቃ እንዳትገባ ባህሩ ላይ ወደ ደሴቷ ጠባቂዎች ጀልባ ይዛወራል። ይሄን ጥንቃቄ በጣም ወደድኩት።

እኛስ? ፒያሳ ጣሪያ ላይ የምናያት፣ ከአንገቷ ኋላ ነጭ ያለባት ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የትም የለችም። ጠዋት በአራት ኪሎ ሰማይ እየጮሁ የሚያልፉት ምንቃራቸው ረጅምና ቆልማማ ወፎችም እንደዚያው። ደጋው ለእነሱ ደሴት ነው፣ ዙሪያው ቆላ።

ስለዚህ መሃል ከተማ ላይ ያረጀ ጥድ ሲቆረጥ፣ በምትኩ ለጌጥ ዘንባባ ሲደረደር ሳይ ያናድደኛል። ባህር ዛፍን አልጠላም፣ ስንት ቤት አቁሟል፣ ስንት ምጣድ አሙቋል። ግን ክረምት ላይ ችግኝ ስትተክሉ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ወይም የአበሻ ጥድ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ግቢያችሁ ውስጥ ያረጀ የአገር ዛፍ ያላችሁ ደግሞ የትኞቹ ወፎች እንደሚያርፉበት ጻፉልኝ፣ ፎቶም ካለ ላኩልኝ።